ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፡- ቅኝትን ወደ ትምህርት ክፍል ያስገቡ የሙዚቃ ምሁር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሰንዳፋ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናንና ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ይገባል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ ባቲ ከተማ ይደርሳል፤ ደሴን አልፎ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ ያቀና ደግሞ የአምባሰልን ተራሮች ያገኛል። ሁለቱም ስሞች የቦታ መጠሪያ ብቻ አይደሉም። የአገራችን ዘፈኖች ከሚቃኙባቸው ስልቶች መካከል የሁለቱ መጠሪያም ናቸው። ባቲና አምባሰል ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ተዳምረው አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች በመባል ይታወቃሉ።

እነዚህ ቅኝቶች ለብዙ ዘመናት ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ፣ ከባለ ክራር ወደ ባለ ክራር በጆሮ ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። ተማሪው ከአስተማሪው ሥር ተቀምጦ ይሰማል፣ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር አልነበረም። ይህንን እውቀት በመደበኛ ትምህርት ቤት እንዲሰጥና በዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጥናት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ካደረጉት ኢትዮጵያውያን መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1930 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጉዘው በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1962 አግኝተዋል። ኢስትማን የምዕራባውያን የሙዚቃ ሥርዓት በጥብቅ ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ ነው። በዚያ የተማረ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ፒያኖና ቫዮሊን ማስተማሩ የሚጠበቅ ነበር። ክራርና ማሲንቆን በምን ዓይን እንደሚያይ ግን አስቀድሞ መናገር የሚቻል አልነበረም።

የያኔው የአዲስ አበባ የሙዚቃ ሕይወት በሁለት ዓለም የተከፈለ ነበር ለማለት ይቻላል። በአንድ ወገን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች በነሐስ መሣሪያዎች፣ በኋላም በጊታርና በኦርጋን ታጅበው ዘመናዊውን ዘፈን ያሰማሉ። በሌላ ወገን አዝማሪው በየጠጅ ቤቱና በየሠርጉ ያዜማል። አዝማሪ ሲዘፍን ይወደዳል፤ ልጄን ለሙያው ልስጥ የሚል ወላጅ ግን ጥቂት ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ጊዜ እንደነበር ከቀደምት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1963 የብሔራዊው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር በመሆን ሥራቸውን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት የዘለለ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የቅዱስ ያሬድን ስም የያዘ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በተቋሙ የምዕራባውያን መሣሪያዎችና ኖታ ከመሰጠታቸው ጎን ለጎን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት የትምህርቱ አካል ሆኑ። ለዛሬ አንባቢ ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን ክራርን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ ሙያ ማስተማር ለመሣሪያውም ለተጫዋቹም ክብር የሚሰጥ ውሳኔ ነበር። በዚያው ዘመን ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ማቋቋማቸውም ይታወሳል። ዘመኑ ለባህላዊው ሙዚቃ አዲስ ትኩረት የተሰጠበት ነበር።

ክራርን በክፍል ውስጥ ማስተማር በቀላሉ የሚሠራ ጉዳይ አለመሆኑን ለመረዳት የቅኝትን ምንነት በጥቂቱ መመልከት ያሻል። ዘመናዊው ሙዚቃ አንዱን የድምፅ እርከን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍለዋል። የእኛ ቅኝቶች ከእነዚህ ውስጥ አምስቱን ብቻ መርጠው ይይዛሉ፤ ልዩነታቸው የሚመጣው የትኞቹ አምስት እንደሚመረጡና ዜማው በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ነው። ባለ ክራሩ ከመጫወቱ በፊት ክሮቹን በሚፈልገው ቅኝት ያስተካክላል፤ ስለዚህ ቅኝቱ ያለው በክሮቹ ላይ ነው። የጊታር ክሮች ግን አንድ ጊዜ ከተቃኙ በኋላ ብዙውን ጊዜ አይነኩም፤ ቅኝቱን የሚፈልገው የተጫዋቹ ጣት ነው። ጊታር ለመማር የተቀመጠ ወጣት አንዱን ክር ሳይጫን መትቶ መነሻ ካደረገ በኋላ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ሰባተኛውንና ዘጠነኛውን ፍሬት ቢጫን ትዝታ ሜጀርን ያገኛል። አንደኛውን፣ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ቢጫን ደግሞ አምባሰል ይወጣለታል። አንቺ ሆዬ አንደኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ዘጠነኛው ላይ ነው።

የውጭ አገር የጊታር መማሪያ መጻሕፍት ለጀማሪ በቅድሚያ የሚያስተምሩት ማይነር ፔንታቶኒክ ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት፤ ሜጀሩም ከትዝታ ሜጀር ጋር ይገጥማል። ከእነዚያ መጻሕፍት የተነሳ ተማሪ ሳያውቀው የአገሩን ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ችግሩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። የምዕራባውያን አጃቢነት በሦስት ድምፆች ጥምረት፣ ማለትም በኮርድ ላይ የተመሠረተ ነው። በትዝታና በባቲ መነሻ ድምፅ ላይ ይህንን ጥምረት ከቅኝቱ ሳይወጡ መሥራት ይቻላል። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ መነሻ ላይ ግን አይቻልም፤ አጃቢው ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ካልተበደረ በቀር ጥምረቱ አይሟላም። አዝማሪው ክሩን የሚያስተካክለው በጆሮው እንጂ በፒያኖ ልክ ባለመሆኑም፣ በኖታ የሰፈረው ቅኝት ከሚሰማው ጋር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

እንግዲህ በኢስትማን የሰለጠነው ወጣት ዳይሬክተር የተጋፈጠው ይህንን ነበር። ቅኝትን በምዕራባውያን ሥርዓት መጻፍ ቅኝቱን የማዛባት አደጋ አለው፤ አለመጻፍ ደግሞ እውቀቱን ከትምህርት ቤት ደጅ ያስቀረዋል። አሸናፊ መጻፍን መረጡ። የሙዚቃ ድርሰቶቻቸውም የዚህ ምርጫ ውጤቶች ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚታወቅላቸው እረኛው ባለዋሽንት የተሰኘው ሥራ የእረኛውን ዋሽንት በፍሉት፣ አካባቢውን ደግሞ በኦርኬስትራ እንዲሰማ ያደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መርተው ሥራዎቻቸውን ማቅረባቸው በአገር ውስጥም በውጭም ከፍ ያለ ዕውቅና አስገኝቶላቸዋል።

ከሃንጋሪ ጋር የተፈጠረው ግንኙነት በአጋጣሚ ብቻ የሚታይ አይመስልም። የዚያ አገር ሰዎች ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በየገጠሩ እየዞሩ የገበሬዎችን ዜማ ሲሰበስቡ ጥንታዊው የሃንጋሪ ዜማ በአምስት ድምፆች የተገነባ መሆኑን ተረድተው ነበር። ኮዳይ ከዚያም አልፈው ሕፃናት የሙዚቃ ትምህርታቸውን ከአገራቸው ባለ አምስት ድምፅ ዜማ እንዲጀምሩ የሚያደርግ የማስተማሪያ ስልት አበርክተዋል። አሸናፊ ከኮዳይ ጋር መነጻጸራቸው ከዚህ የመነጨ ነው። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ኮዳይ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአገራቸው ተቋማት ውስጥ ሲሠሩ፣ አሸናፊ በመሠረቱት ትምህርት ቤት የቆዩት አምስት ዓመታት ያህል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኃላፊነታቸውን ትተው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በኮነቲከት ግዛት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት በሚመረምር ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የአማራ አዝማሪዎችን ዜማ በሸክላ እንዲወጣ በማድረግም የውጭው ዓለም እንዲያደምጠው አስችለዋል። ከዚያ በኋላ በኩዊንስ ኮሌጅና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን በዳይሬክተርነት መርተዋል።

በስደት ዘመናቸው ክራርን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1977 በታወቀ የሙዚቃ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ክራር ያሳተሙት ጽሑፍ በርዕሱ መሣሪያውን የሰይጣን መሣሪያ ብሎ ይጠራዋል። ርዕሱ የጸሐፊውን እምነት ሳይሆን የኅብረተሰቡን አመለካከት የሚያሳይ ነው፤ በገና ከንጉሥ ዳዊት ጋር ተያይዞ በመንፈሳዊነቱ ሲከበር፣ የቅርብ ዘመዱ ክራር ግን ከመሸታና ከዘፈን ጋር እየተያያዘ ሲነቀፍ ኖሯል። 

ሌላው ትኩረታቸውን የሳበው የጃፓኑ ባለ ክር መሣሪያ ኮቶ ነው። ኮቶን ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ያጣመረው ኮቱሬዥያ የተሰኘው ድርሰታቸው የዚህ ፍላጎታቸው ፍሬ ነው። ጃፓንና ኢትዮጵያ በሙዚቃ የሚገናኙበትን ነጥብ ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ሂራጆሺ የሚባለው የታወቀ የኮቶ ቅኝት ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር በድምፅ አመራረጥ አንድ ነው። ትዝታ ማይነርም ቢሆን ማረፊያው ወደ ሌላ ድምፅ ሲዛወር አምባሰልን ይሰጣል፤ አምስቱ ድምፆች እነዚያው ሆነው ስሜቱ ሌላ ይሆናል። ይህንን በጊታር ላይ የሞከረ ጀማሪ ድምፆቹን ማወቅ ብቻውን ቅኝትን ማወቅ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው የጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት የተመለከተው መጽሐፋቸው የአፍሪካን የድምፅ፣ የመሣሪያና የውዝዋዜ ቅርስ ከአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ጋር አያይዞ የሚያስረዳ ነው። በእንግሊዝኛ መጻፉ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አንባቢ ሲያስገኝለት፣ ቅኝቱን ዕለት ዕለት ለሚጫወተው የአገር ውስጥ ባለሙያ ግን በቀላሉ የሚደርስ አልነበረም። የፕሮፌሰሩ ሥራ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጉድለቱ ግን የእርሳቸው ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1990 ዓ.ም በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመሠረቱት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን መማራቸውን ቀጥለዋል።