አል-ቀለሳዲ፦ ሒሳብን በፊደል ያሳጠሩት የአንደሉስ ፈቂህ

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚማሩ ወጣቶቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያደናግራቸው የምልክት ነገር ነው። በአንዱ ቋንቋ የለመዱት ምልክት በሌላው ቋንቋ ሌላ ሥራ ሲሠራ ያገኙታል። ለመሆኑ ለምልክት ትርጉም የሚሰጠው ማነው? ለዚህ ጥያቄ የአንድ ታላቅ ዓሊም ሕይወት መልስ አለው።

ሸይኽ አቡል ሐሰን ዐሊይ ኢብኑ ሙሐመድ አል-ቀለሳዲ (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ1412 በአንደሉስ በበስጣ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ ባዛ የምትባለው የደቡብ ስፔን ከተማ ናት። በበስጣና በገርናጣ ከተማሩ በኋላ ዒልም ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ። በቲሊምሳን፣ በቱኒስና በካይሮ ከዑለማዎች ቀሩ፤ ሐጅም አደረጉ። ስለ ጉዟቸውና ስለ ኡስታዞቻቸውም መጽሐፍ ጻፉ። በቲሊምሳን ሒሳብና ፈራኢድ ካስተማሯቸው ደረሶች አንዱ በዐቂዳ መጽሐፋቸው የታወቁት ኢማም አስ-ሰኑሲ ናቸው።

አል-ቀለሳዲ የማሊኪ መዝሀብ ፈቂህና የፈራኢድ ሊቅ ነበሩ። ሒሳብ ለእሳቸው የሰው ሐቅ መጠበቂያ ነው። አንድ ሰው ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ቢሞት ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ ያገኛሉ። ንብረቱ በ24 ሲከፈል ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጅ ቀሪው 17 ይደርሳል። እዚህ ላይ ስሌት የተሳሳተ ሰው የአንዱን ሐቅ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው።

ከእሳቸው ብዙ ዘመን በፊት የነበሩት አል-ኸዋሪዝሚ አልጀብርን የጻፉት ያለ ምልክት፣ ሁሉንም በቃላት ነበር። አል-ቀለሳዲ ግን በመጽሐፎቻቸው አጫጭር ምልክቶችን ተጠቀሙ። ለመደመር «ወ»፣ ለመቀነስ «ኢላ»፣ ለማባዛት «ፊ»፣ ለማካፈል «ዐላ» የሚሉትን ቃላት ወሰዱ። ላልታወቀው ቁጥር «ሸይእ» (ነገር) ከሚለው ሺንን፣ ለካሬው «ማል» ከሚለው ሚምን፣ ለእኩልነት ደግሞ «የዕዲሉ» ከሚለው የመጨረሻውን ፊደል ላምን አደረጉ። በዚህ መንገድ «አንድ ማልና አሥር ሸይእ ከ39 ጋር እኩል ነው» የሚለው ረጅም ዓረፍተ ነገር 1 ላይ ሚም፣ 10 ላይ ሺን፣ ከዚያ ላምና 39 ሆኖ ያጥራል። መልሱም 3 ነው፤ 9 እና 30 ሲደመሩ 39 ይሆናሉና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም አለብን። ብዙዎቻችን አል-ቀለሳዲን የአልጀብራ ምልክቶች ፈጣሪ አድርገን እናወራለን። እውነቱ ግን ምልክቶቹ ከእሳቸው በፊት በመግሪብ ዑለማዎች ዘንድ ይሠራባቸው ነበር። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1321 ያለፉትን የመራኪሹን ኢብኑል በናን መጽሐፍ ሸርሕ አድርገዋል። ያልሠሩትን ሥራ ብንለጥፍባቸው ክብራቸው አይጨምርም። ክብራቸው የተረከቡትን ዕውቀት ለደረሳ በሚገባ መንገድ አጥርተው ማስተላለፋቸው ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው የስደት ነበር። የካስቲል ጦር አንደሉስን ሲያጠብ አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1486 (በ891 ሒጅራ) በቱኒዚያዋ ባጃ ከተማ ወደ አኼራ ሄዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ በስጣ፣ በ1492 ደግሞ ገርናጣ ተያዙ። መጽሐፎቻቸው ግን በመግሪብ ለረጅም ዘመን ሲቀሩ ኖሩ።

ወጣቶቻችን ከዚህ የሚይዙት ምልክት ያጠረ ቃል መሆኑን ነው፤ ትርጉሙ የተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነው። የአል-ቀለሳዲ ላም ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን ይናገራል። በፓይተን፣ በጃቫና በሲ ግን ነጠላው የእኩል ምልክት ዋጋን በስም ውስጥ ማስቀመጫ ነው፤ እኩልነት የሚጠየቀው ሁለቱን ደርቦ በመጻፍ ነው። 5ን ለ2 በአንድ የማካፈያ ምልክት ስናካፍል ፓይተን 2.5 ሲል፣ ሲና ጃቫ በሙሉ ቁጥር 2 ይላሉ። ስለዚህ ወደ አዲስ ቋንቋ ስንገባ ምልክቱን በልማድ ከመገመት የባለቤቶቹን ስምምነት አስቀድመን እንጠይቅ።

አላህ ሸይኹን ይዘንላቸው፤ እኛንም በሚጠቅም ዒልም ያብቃን። ኣሚን።