ሴዛንና ተራራው

ፖል ሴዛን በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ በ1839 ዓ.ም. ተወለደ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሳንት ቪክቷር የሚባል፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ተራራ አለ። ከፍታው 1011 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከታላላቆቹ ተራሮች ተርታ የሚገባ አይደለም። ሴዛን ግን ኋላ ስመ ጥር ደራሲ ከሆነው የትምህርት ቤት ጓደኛው ከኤሚል ዞላ ጋር በዚያ አገር ሲንሸራሸርና በወንዝ ሲዋኝ ስላደገ፣ ተራራው ከልቡ አልወጣም።

አባቱ በባርኔጣ ንግድ በልጽጎ ባንክ ያቋቋመ ሰው ነበርና ልጁ የሕግ ባለሙያ እንዲሆንለት ተመኘ። ሴዛንም ለጊዜው ታዝዞ ሕግ ማጥናት ጀመረ፤ ይሁን እንጂ ከሥዕል መለየት ስላልቻለ በ1861 ወደ ፓሪስ አመራ። በዚያ የታላቁ ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ዳኞች ሥራዎቹን እየደጋገሙ መለሱበት፤ ተመልካቹም ተሳለቀበት። ዕድሜው ከአርባ አልፎ እንኳ የሚተዳደረው አባቱ በሚቈርጥለት ገንዘብ ነበር። ይህም እንዳይቀርበት በመስጋት ወዳጁንና የወለደችለትን ልጅ ለዓመታት ከአባቱ ሸሽጎ ኖረ።

አባቱ በ1886 ሞቶ ሀብቱን ሲያወርሰው ሴዛን ከችግር ወጣ። ሥዕሉን የሚገዛ ኖረም አልኖረ ከዚያ ወዲያ አላሳሰበውም፤ ቀድሞ የጀመረውን ተራራ አጥብቆ ያዘ። ከሠላሳ በላይ ጊዜ በዘይት ቀለም፣ ብዙ ጊዜም በውሃ ቀለም ሣለው። ይህ ላላስተዋለ ሰው ድግግሞሽ ሊመስል ይችላል፤ ሥዕሎቹ ግን አንዱ ከሌላው ይለያሉ። በቀደሙት ላይ እርሻው፣ ቤቱና የባቡሩ ድልድይ ተለይተው ይታያሉ፤ ከፊት ያለው የጥድ ቅርንጫፍም የተራራውን ጫፍ ተከትሎ ይጎብጣል። በኋለኞቹ ዝርዝሩ ጠፍቶ፣ ሰማይና ምድር ጎን ለጎን በተቀመጡ የሰማያዊ፣ የአረንጓዴና የቢጫ ቀለም ጠብታዎች ተገንብተዋል። አንዳንድ ስፍራ ሸራው ቀለም ሳይነካው ቀርቷል። ሴዛን የተራራውን ክብደትና ጽናት በመስመር ሳይሆን በቀለም ብቻ ለማቆም ይታገል ነበር።

በ1902 ከከተማው በላይ ባለ ኮረብታ የሥዕል ቤት አሠራ። የስኳር በሽታ ቢያደክመውም ተራራው ወለል ብሎ ወደሚታይበት ስፍራ መውጣቱን አልተወም። በጥቅምት 1906 ከቤት ውጭ ሲሥል ኃይለኛ ዝናብ ደበደበውና ወደቀ፤ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤቱ ተወሰደ። በማግሥቱ ተነሥቶ ደግሞ ሥራውን ቀጠለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በስልሳ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

በዓመቱ ሥራዎቹ በፓሪስ ለመታሰቢያ ሲታዩ፣ ከወጣቶቹ ሠዓልያን ብዙዎቹ አዲስ መንገድ አገኙባቸው። ከእነርሱ አንዱ ፓብሎ ፒካሶ በ1958 ከዚያው ተራራ ሥር ያለ ጥንታዊ ግንብ ገዛ፤ በ1973 ሲሞትም እዚያው ተቀበረ።