የአንጎልን ሞገድ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ሐኪም

ሐንስ በርገር በ1873 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኮቡርግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የእርሱን ታሪክ የመረጥሁት በሰፈራችን በአራዳ አንድ ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ለማሽተት የሚሮጥ ብዙ፣ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው የሚል ግን ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ሐኪም ዘንድ ከተሄደም በኋላ የአንጎሉ ሞገድ የተነሣበትን ወረቀት አንብቦ በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት ቀላል ሥራ አይደለም።

በርገር አባቱ ሐኪም ነበር። እርሱ ግን በመጀመሪያ የከዋክብትን ነገር ለማጥናት አስቦ ሒሳብ ጀመረ። ወዲያው ትቶ በወታደርነት ሲያገለግል ፈረሱ ጣለውና የመድፍ ሠረገላ ሊጨፈልቀው ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዕለት በሩቅ ያለች እኅቱ አደጋ ደርሶበታል ብላ ስለ ተጨነቀች አባቱ ቴሌግራም ላከለት። ወጣቱም ሐሳብ ከአንጎል ወደ አንጎል ይተላለፋል ብሎ አመነ፤ ኃይሉንም ለመለካት ሕክምና ተማረ። በፒያሳ በምኒልክ ሐውልት አጠገብ ሳልፍ፣ አባ ዳኘውን ባየሁ ቁጥር ያ ውድቀት ትዝ ይለኛል። የፈለገውን አላገኘም፤ ያልፈለገውን ግን አገኘ።

በዬና ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ በ1924 ዓ.ም. የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ከተከፈተ የ17 ዓመት ልጅ (ከእኔ በአንድ ዓመት የሚያንስ) የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ባወጀው ነበር። በርገር ግን አምስት ዓመት ዝም አለ። መስመሩ የልብ ምት ይሆንን? የጡንቻ ወይስ የዓይን እንቅስቃሴ? ወይስ መሣሪያው ራሱ? እያለ ጤነኞችን፣ ከእነርሱም መካከል የገዛ ልጁን፣ ደጋግሞ መረመረ። ጽሑፉን ያሳተመው በ1929 ዓ.ም. ነው።

ያገኘውም ይህ ነው፤ ጤነኛ ሰው ነቅቶ ሳለ ዓይኑን ሲጨፍን በሴኮንድ 10 ያህል ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። በርገር አልፋ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው ሞገዱ ድንገት ሲጠፋ ቢያይ ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን ጤንነት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሌሎች ጉዳት የሌላቸው ቅርጾች አገኙ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ሾል ብለው የሚወጡ ሞገዶች አሉ፤ ልጆች ሲያንቀላፉም ትልልቅ ዝግ ያሉ ሞገዶች በአንድነት ይመጣሉ። አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታን ምልክት በጣም ይመስላሉ። ስለዚህ አንባቢው ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው፣ ነቅቶ ነበር ወይስ ተኝቶ፣ በእውነትስ ወድቆ ያውቃልን ብሎ ይጠይቃል። አለዚያ ጤነኛው ሰው የማያስፈልገውን መድኃኒት ለዓመታት ሲውጥ ይኖራል። በተቃራኒውም በሽታው እያለ ወረቀቱ ንጹሕ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በርገርን መጀመሪያ ያመነው ሰው ጥቂት ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. አድሪያንና ማቲውስ የተባሉ የካምብሪጅ ሊቃውንት ሥራውን ደግመው እውነት መሆኑን አረጋገጡ።

የሚቀጥለውን ልተወው አልወደድሁም። የናዚ መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ በዘር ይተላለፋል የተባለ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንዳይወልዱ በግድ ይመከኑ ነበር። በዬና ይግባኝ ይሰማ በነበረው ፍርድ ቤት በርገር ተቀምጧል። ስለ አንድ መስመር አምስት ዓመት የተጠራጠረ ሰው በዚያ ወንበር ላይ መገኘቱ እስከ አሁን ይከብደኛል። በ1938 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ በ1941 ዓ.ም. በሕመምና በከባድ ትካዜ ላይ ሳለ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ።