ተድላ ባይሩ፦ በሁለት ወንበር መካከል የቆሙ ሰው

በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሯችን ከወደብ ጋር የተሳሰረ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ በር ሲዘጋብን፣ የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው ወደዚህ ዞረ። ሾፌሩም፣ ትራንዚተሩም፣ ነጋዴውም ዕቃውን ተከትሎ መጣ። ልጆቻችን ታዲያ፣ ሁለቱ አገሮች ድሮ አንድ አልነበሩም ወይ እያሉ ይጠይቁናል። መልሱ ረጅም ቢሆንም በአንድ ሰው ሕይወት ማስረዳት ይቻላል ብለን፣ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የደጃዝማች ተድላ ባይሩን ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ተድላ ባይሩ በ1906 ዓ.ም. ገደማ አስመራ አቅራቢያ በገረሚ መንደር ተወለዱ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ሄደው ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ መምህር ሆኑ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸንፎ እንግሊዝ ኤርትራን ሲይዝ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሠሩ። ቀጥሎም ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ ይታገል የነበረው የአንድነት ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በዚያ ዘመን ስለ አንድነት የእሳቸውን ያህል የደከመ ጥቂት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የወሰነው ግን ሙሉ ውሕደትም ሙሉ ነፃነትም አልነበረም፤ ፌዴሬሽን ነበር። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደብ የፌዴራሉ መንግሥት ሆኑ። የውስጥ አስተዳደር፣ ፖሊስ፣ ትምህርትና ጤና ለኤርትራ መንግሥት ተሰጡ። ኤርትራ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ የራሷ ሕገ መንግሥትና ሰንደቅ ዓላማ ኖራት፤ የሥራ ቋንቋዋም ትግርኛና ዓረብኛ ሆኑ። ነሐሴ 1944 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተድላ ባይሩን የመንግሥቱ መሪ አድርጎ መረጠ። መሪው ክርስቲያን ሲሆኑ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ዓሊ ረዳይ ሙስሊም ነበሩ። ፌዴሬሽኑም መስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

የተድላ ባይሩ ፈተና የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልባቸው ከዘውዱ ጋር ነበር፤ ቃል የገቡት ደግሞ የኤርትራን ሕገ መንግሥት ሊጠብቁ ነው። አስመራ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ፣ የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት አንዳርጋቸው መሳይ ተቀምጠዋል። በእንደራሴውና በተመረጠው መሪ መካከል ማን በምን ላይ ያዛል የሚለው በየቀኑ ያከራክር ጀመር።

እኛ ነጋዴዎች በቀላሉ የሚገባን የቀረጡ ጉዳይ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ የሆነ ዕቃ የሚከፈልበት ቀረጥ ለኤርትራ መንግሥት ሊሰጥ ይገባ ነበር። ሰብሳቢው ግን ፌዴራሉ ስለሆነ ድርሻው ስንት ነው የሚለው ማከራከሪያ ሆኖ ቀረ። በአንድ ሱቅ ሁለት ሸሪኮች ቢኖሩና ሣጥኑን የሚቆልፈው አንዱ ብቻ ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢዋደዱ ጥርጣሬ መግባቱ አይቀርም።

እሳቸውም ነቀፋ አልታጣባቸውም። በእሳቸው ዘመን ነቃፊ ጋዜጦች ተዘግተዋል፣ ተቃዋሚዎችም ተጨንቀዋል። ወልደአብ ወልደማርያም በተደጋጋሚ የግድያ ሙከራ ከተደረገባቸው በኋላ በ1945 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ተሰደዱ። ሙስሊሞችም በሹመት ተበደልን ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ስለዚህ ተድላ ባይሩ ከላይ ሲገፉ ከታች የሚደግፋቸው ሕዝብ ሳስቶባቸው ነበር። በ1947 ዓ.ም. ከሥልጣን ለቀቁ። ዓሊ ረዳይም እንደዚሁ ወረዱ።

በቦታቸው የተተኩት አስፍሃ ወልደሚካኤል አስቀድሞ የእንደራሴው ምክትል ነበሩ፤ ይህንንም ሥልጣን እንደያዙ የኤርትራ መንግሥት መሪ ሆኑ። ጠባቂውና ተጠባቂው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፣ በ1952 ዓ.ም. መንግሥት የሚለው ስም ተሽሮ አስተዳደር ተባለ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። የትጥቅ ትግሉ ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር።

ተድላ ባይሩ በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ተላኩ። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ከድተው ከኤርትራ ነፃነት ግንባር ጋር ተሰለፉ፤ ሕይወታቸውም በስደት አለፈ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እሳቸው ግን ሁለቱም ባላ የተሰበረባቸው ሰው ናቸው። አንዱ ወገን ከሃዲ ይላቸዋል፤ ሌላው ወገን አገሩን አሳልፎ የሰጠ ይላቸዋል።

እኛ ከታሪካቸው የምንወስደው ይህን ነው። አንድነት እኒህን ሰው ያጣቸው አንድነትን ስለጠሉ አይደለም፤ በስምምነት የተጻፈው ውል ስላልተከበረ ነው። ከማዕከል በላይም በክፍለ አገር በታችም የተሾመ ሰው ፍቅሩ ለሁለት ቢከፈል አያስነውረውም፤ ሒሳቡ ሲዛባ ዝም ካለ ግን ሁለቱንም ያጣል። አገራችን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ሕገ መንግሥት ስላላት ትምህርቱ ዛሬም ያስፈልጋታል። ማኅበራችንም የሐረሩን፣ የድሬዳዋውን፣ የወሎውን፣ የትግራዩን ልጅ በአንድ ጥላ ሥር የያዘ ነውና፣ መዋጮውንም ወንበሩንም በእኩል ዓይን እንድናይ እግዚአብሔርም አላህም ይርዱን። እንኳን ለኢዮቤልዩ በዓላችን አደረሳችሁ!