ሱዛን ሌንግለን፦ ተመልካች ያነገሣት፣ ተመልካች ያወረዳት

መግቢያ

ተመልካች ያለው ስፖርት ጀግናና ጥፋተኛ አያጣም። ሁለት ሰዎች መረብ መሃላቸው ሆኖ ኳስ ሲመላለሱ፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ሕዝብ አንዱን የኔ ይለዋል፣ ሌላውን ደግሞ ባላጋራው ያደርገዋል። የሜዳ ቴኒስ ለዚህ ነገር ከሌሎች ስፖርቶች ይበልጥ የተመቸ ይመስለኛል። ለምን ቢሉ፣ ተጫዋቹ ብቻውን ነው። እግር ኳስ ላይ አሥራ አንዱ ይሸፋፈናሉ፤ ጥፋቱም ይከፋፈላል። ቴኒስ ላይ ግን ላቡም፣ ንዴቱም፣ እንባውም የአንድ ሰው ነው፤ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ከሁሉ በፊት ይህ ዕጣ የደረሳትን የፈረንሳይዋን ሱዛን ሌንግለን የሕይወት ታሪክ ነው። ሱዛን በአንድ የዕድሜ ዘመን፣ ያውም በሰባትና ስምንት ዓመት ውስጥ፣ የሀገር ኩራት፣ ፈሪ፣ ንግሥት፣ ባለጌና ገንዘብ ወዳድ ተብላለች። ሰውየዋ ግን ያቺው ነበረች። ታዲያ የተለወጠው ምን ነበር? ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ልጅነትና የአባት ትምህርት

ሱዛን የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1899 ፓሪስ ውስጥ ነው። አባቷ ሻርል ሌንግለን ከቤተሰቡ የወረሰውን በፈረስ የሚጎተት የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ሸጦ በተረፈው ገንዘብ የሚኖር ሰው ነበር። ልጁ በሕፃንነቷ ደካማና በሽተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1910 አባቷ ሰውነቷ እንዲጠነክር ብሎ ራኬት ገዛላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ነገሩ ከመድኃኒትነት አለፈ። አባት የልጁን እጅ ተመለከተና ሥራውን ሁሉ ትቶ አሠልጣኝ ሆነ ማለት ይቻላል።

አሠለጣጠኑ በዚያን ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ሜዳው ላይ መሐረብ እያነጠፈ ኳሷን እዚያ ላይ እንድታሳርፍ ያደርጋል፤ ስትለምደው መሐረቡን ያጥፍና ያሳንሰዋል። ሴቶች የሚጫወቱትን ቀስ ያለ ጨዋታ ሳይሆን የወንዶቹን አጨዋወት እንድትማር አደረጋት። ስታጠፋ በሰው ፊት ይቆጣታል። እናቷም ከዚህ አልራቀችም። ብዙዎች በኋላ የሱዛን ጠባይ የሚሉት፣ መሸነፍን እንደ ሞት መቁጠሯ፣ ከዚህ የመጣ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ገና 15 ዓመት እንደሆናት እ.ኤ.አ. በ1914 ፓሪስ አጠገብ ሳን ክሉ በተባለው ቦታ የተካሄደውን የሸክላ አፈር ሜዳ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች። ያን ክረምት ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ትልልቆቹ ውድድሮች ሁሉ ቆሙ።

ጀግናዋ

ጦርነቱ ሲያልቅ ፈረንሳይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮቿን ቀብራለች፤ የሰሜኑ አገሯ ፈርሷል። እንዲህ ያለ ሕዝብ የሚደሰትበት ነገር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1919 ዊምብልደን እንደገና ሲከፈት የ20 ዓመቷ ሱዛን ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። ለፍጻሜ የገጠመቻት የ40 ዓመቷ እንግሊዛዊት ዶሮቲያ ላምበርት ቻምበርስ ዊምብልደንን ሰባት ጊዜ ያሸነፈች ናት። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና ንግሥት ሜሪ ቁጭ ብለው ይመለከታሉ።

ገና ከመነሻው ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። እንግሊዛዊቷ እንደ ድሮው ወግ እጅጌውና ቀሚሱ ረጅም የሆነ ልብስ ለብሳለች። ሱዛን ግን እጅጌው አጭር፣ ቀሚሱ ከባት የማያልፍ፣ ወገብ የሚያጣብቅ የውስጥ ልብስ የሌለበት ቀለል ያለ ልብስ ነበር የለበሰችው። ድካም ሲይዛት አባቷ በኮኛክ የተነከረ ስኳር ከዳር ይወረውርላታል። ሱዛን ሁለት ጊዜ ልትሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት አመለጠች። አንደኛዋን ያዳነቻት በራኬቷ እንጨት ተመትታ መረቡን ለጥቂት ያለፈች ኳስ ናት። በመጨረሻ 10–8፣ 4–6፣ 9–7 አሸነፈች።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ሱዛን የፈረንሳይ ልጅ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በነጠላና በድብልቅ ጥንድ ሁለት ወርቅ፣ በሴቶች ጥንድ ደግሞ ነሐስ አገኘች። ዊምብልደንን በነጠላ ስድስት ጊዜ አሸንፋለች፤ ከ1919 እስከ 1923 በተከታታይ፣ ከዚያም በ1925። ሕዝቡ እሷን ለማየት ይጋፋ ስለነበር የድሮው የዊምብልደን ሜዳ አልበቃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ውድድሩ ዛሬ ወዳለበት ሰፊ ቦታ ተዛወረ። የልብስ ቅድ አዋቂው ዣን ፓቱ የሠራላት የሐር ልብስና በግንባሯ ላይ የምታስረው ሻሽ ከሜዳ ወጥቶ የከተማ ፋሽን ሆነ።

ፈሪዋ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1921 ሱዛን በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደች። ጉዞው በጦርነቱ ለተጎዱት የፈረንሳይ አውራጃዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። አባቷ አልተስማማም፤ አብሯትም አልሄደም። ኒውዮርክ የደረሰችው የአሜሪካ ሻምፒዮና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በዚያን ጊዜ ጠንካሮቹን ተጫዋቾች በዕጣ አወጣጥ ላይ ለያይቶ የማስቀመጥ ሥርዓት አልነበረም። የመጀመሪያ ተጋጣሚዋ ሳትቀርብ ቀረችና ወዲያው ከሻምፒዮኗ ከሞላ ማሎሪ ጋር ተገናኘች።

ሞላ በትውልድ ኖርዌያዊት ስትሆን በአሜሪካ የምትኖር፣ ኳስ ዝም ብላ የምትመታ፣ ነጥብ በነጻ የማትሰጥ ተጫዋች ነበረች። ሱዛን የመጀመሪያውን ዙር 6–2 ተሸነፈች። ሁለተኛው እንደተጀመረ ሳል ያዛት፤ ሁለት ነጥብ ካጣች በኋላ ወደ ዳኛው ሄዳ መቀጠል እንደማትችል ተናገረችና እያለቀሰች ከሜዳ ወጣች። ገንዘብ ከፍሎ የገባው ሕዝብ በፉጨት ሸኛት። በማግሥቱ ጋዜጦቹ ስትሸነፍ ጊዜ የታመመች ፈሪ አድርገው ሳሏት። ከፈረንሳይ የቴኒስ ፌዴሬሽን አብሯት የሄደው ኃላፊ እንኳ ደህና ነበረች ብሎ በአደባባይ ከዳት። የቀሩትን የበጎ አድራጎት ግጥሚያዎች ሰርዛ ወደ ሀገሯ ተመለሰች።

ታምማ ነበር ወይስ ፈርታ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳምባዋ ደካማ ነበር፤ ከረጅም የባሕር ጉዞም ገና መውረዷ ነው። በሌላ በኩል መሸነፍን አልተማረችም። ተመልካቹ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ አልፈለገም። አሜሪካኖቹ ፈሪ አሏት፣ ፈረንሳዮቹ የተበደለች አሏት። በቀጣዩ ዓመት ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ሞላን 6–2፣ 6–0 በ26 ደቂቃ ብቻ ስታሸንፍ ሁለቱም ወገን እንደገና የየራሱን ትርጉም ሰጠው። ከጦርነቱ በኋላ ባደረገቻቸው የነጠላ ውድድሮች እንደ ሽንፈት የሚቆጠርባት ያ የአሜሪካው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው።

ንግሥቲቱና የትምህርት ቤት ልጅ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1926 በደቡብ ፈረንሳይ ካን ከተማ ሱዛን ከ20 ዓመቷ አሜሪካዊት ሄለን ዊልስ ጋር ተጋጠመች። በነጠላ የተገናኙት በዚህ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጋዜጦች ግጥሚያውን ከስፖርት በላይ አደረጉት፤ በአሜሪካ በኩል ሄለን ዝምተኛዋ፣ ትሑቷ የካሊፎርኒያ ተማሪ ስትሆን፣ ሱዛን ደግሞ የተሞላቀቀች፣ በትንሽ በትልቁ የምታለቅስ ወይዘሮ ሆነች። ትኬት ያላገኘው ሰው ጣሪያና ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር የተመለከተው።

ሱዛን የመጀመሪያውን ዙር 6–3 ወሰደች፤ ሁለተኛው ግን ከበዳት። 6–5 ስትመራ፣ የማሸነፊያዋ ነጥብ ላይ ሄለን የመታቻት ኳስ ወጥታለች የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ሰው ወደ ሜዳው ገባ። የመስመር ዳኛው ግን እኔ አልጠራሁም፣ የጮኸው ተመልካች ነው፣ ኳሷም ገብታለች አለ። እስቲ አስቡት፣ አሸነፍኩ ብሎ ልቡን ያሳረፈ ሰው ተመልሶ መጫወት ሲኖርበት! ሱዛን ተመለሰች። ያንን ጌም ብትሸነፍም በመጨረሻ 8–6 አሸንፋ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። በአሜሪካ ፈሪ የተባለችው ሴት በዚህ ቀን ያሳየችው ምን እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ባለጌዋ

በዚያው ዓመት በጁን ወር ሱዛን ዊምብልደን ቀረበች። አንድ ቀን ንግሥት ሜሪ ጨዋታዋን ሊያዩ መጡ። ሱዛን የጥንድ ጨዋታ እንዳላት ታውቃለች፤ ከዚያ በፊት የነጠላ ጨዋታ እንደተጨመረባት ግን ዘግይቶ ነው የደረሳት። እንደማትደርስ የላከችው መልእክት ደግሞ ዳኛው ዘንድ አልደረሰም። ሜዳ ስትደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ንግሥቲቱ ጠብቀዋል፤ ኃላፊዎቹ ተቆጧት፤ እሷም የመልበሻ ክፍል ገብታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ የዚያን ዕለትም አልተጫወተችም።

በእንግሊዝ ንግሥትን ማስጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያጨበጨበላት ሕዝብ በቀጣዩ ጨዋታዋ ላይ በቁጣ ተቀበላት። ሱዛን ከውድድሩ ወጣች፤ ዳግመኛም ዊምብልደን ላይ አልተወዳደረችም። በእርግጥ እሷም ንጹሕ አልነበረችም። ሰዓት የማታከብር፣ ቁጡ፣ ሁሉ በእሷ ፈቃድ እንዲሆን የምትፈልግ እንደነበረች የሚታወቅ ነው። ነገር ግን ይህ ጠባይዋ በ1919ም ነበረ። ያኔ ስታሸንፍ የፈረንሳይ ወዝ ተባለ፤ አሁን ብልግና ሆነ።

ገንዘብ ወዳዷ

ሱዛን እስከዚህ ድረስ አማተር ነበረች። ይህ ማለት ውድድሩ ከትኬት ገንዘብ ይሰበስባል፣ ክለቡ ይከብራል፣ ጋዜጣው ይሸጣል፤ ተጫዋቹ ግን ክብር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለነገሩ ለአማተሮች በወጪ ስም ከጀርባ ገንዘብ እንደሚሰጥ የአደባባይ ምስጢር ነበር። በግልጽ መቀበል ግን ነውር ነው። ደንቡ ሀብታም ሆኖ ለተወለደ ሰው አይከብድም፤ ሱዛን ግን በዚያ ጊዜ አባቷ ታሟል፣ የቤተሰቡም ገንዘብ እየተሟጠጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1926 ፓይል ከተባለ አሜሪካዊ የስፖርት ነጋዴ ጋር በ50 ሺህ ዶላር ተዋዋለች። ከታወቁት ተጫዋቾች ፕሮፌሽናል ሆኖ በመዞር የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ኦክቶበር 9 ቀን ኒውዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲጀመር ወደ 13 ሺህ ሰው ተገኘ። ተጋጣሚዋ ከጦርነቱ በፊት የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረችው ሜሪ ብራውን ናት፤ 38 ጊዜ ተገናኝተው 38ቱንም ሱዛን አሸንፋለች።

ቅጣቱ ፈጣን ነበር። ዊምብልደንን የሚያካሂደው ክለብ የክብር አባልነቷን ሰረዘ። እሷ ግን መልስ ነበራት። በጉብኝቱ ወቅት በታተመው ጽሑፏ ላይ ለሌሎች ሚሊዮኖችን አስገብታ ራሷ የመግቢያ ክፍያ እየከፈለች ስትጫወት እንደኖረች፣ እንደማንኛውም ባለሙያ ጠንክራ ሠርታ እንደማንም እንዳልተከፈላት ገለጸች። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከስድቦቹ ሁሉ ገንዘብ ወዳድ የሚለው ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም የተሰደበችው ለሠራችው ሥራ ዋጋ በመጠየቋ ነው።

የመጨረሻ ዘመኗ

ከፕሮፌሽናል ጉብኝቶቹ በኋላ ሱዛን ወደ ፓሪስ ተመልሳ ልጆችን ቴኒስ በማስተማር ኖረች። አባቷን እ.ኤ.አ. በ1929 አጣች። እ.ኤ.አ. በ1938 የደም በሽታ ያዛትና ጁላይ 4 ቀን በ39 ዓመቷ አረፈች። ያን ዓመት የዊምብልደን ውድድር ካለቀ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። የነጠላውን ዋንጫ ያነሳችውም ያቺው የካኗ ሄለን ዊልስ ናት።

ማጠቃለያ

ከላይ ያነሳሁትን ጥያቄ የሄለን ዊልስ ታሪክ የሚመልስልን ይመስለኛል። በ1926 ለሱዛን ማነጻጸሪያ የተደረገችው ያቺ ትሑት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ከሄለን ጃኮብስ ጋር ስትጫወት በሦስተኛው ዙር 3–0 እየተመራች ሳለ ወገቧን አሟት ጨዋታውን አቋርጣ ወጣች። ሜዳው ያው የሱዛን ፎረስት ሂልስ ነበር። ወቀሳውም ያው፦ መሸነፏን ስታውቅ ታመመች ተባለ። ዝምታዋ ድሮ ትሕትና ነበር፣ አሁን ኩራት ሆነ። አንዷ ስለምታለቅስ፣ ሌላዋ ስለማታለቅስ ተጠሉ። እንግዲህ ጥፋቱ በጠባያቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ተቃራኒ ሰዎች አንድ ስም ባልተሰጣቸው ነበር።

ገንዘቡንም በተመለከተ ጊዜ ፈርዷል። ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ1968 በሩን ለፕሮፌሽናሎች ከፈተ፤ ሱዛን ነውረኛ የተባለችበት ነገር ደንብ ሆነ። በፓሪሱ ሮላን ጋሮስ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነው ሜዳ፣ የሴቶቹ የነጠላ ዋንጫም እንዲሁ፣ በስሟ ተሰይመዋል። ይህ ሁሉ የተደረገው ግን እሷ ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እኛም ተመልካቾች ነን። ደጋፊ መሆን ኃጢአት አይደለም፤ ያለ ደጋፊ ስፖርቱም አይኖርም። ሆኖም አንዱን ተጫዋች ጀግና፣ ሌላውን ከሃዲ ከማለታችን በፊት ይህ ሰው ምን አደረገ ብለን እንጠይቅ፤ ቀጥሎም እኔ ከእሱ ምን ፈልጌ ነበር ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። በሱዛን ታሪክ ውስጥ ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ብዙም አልነበረም።