ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሙያ ነገር

በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ጥያቄ ከአንዱ ዛፍ ጥላ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ይኸውም ከዚህ በኋላ ምን እንሆናለን የሚል ነው። አንዱ ሐኪም፣ ሌላው መሐንዲስ እሆናለሁ ይላል። ስለ ምን እንደ መረጠው ሲጠየቅ ግን ወላጆቹ ስለ ወደዱት መሆኑን ከመናገር በቀር ሌላ ምክንያት የሚያቀርብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፣ በከተማችን በጎንደር ተወልደው፣ ሙያቸውን በባዕድ አገር ተምረው፣ በኋላም የሌላውን ልጅ ለሥራ ያዘጋጁትን የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ የጎንደር ልጅ የተከፈተው መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የካህን ልጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ የነጋዴ ልጅ በቅሎ እየነዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ የገበሬ ልጅ ሞፈርና ቀንበር ይይዛል። ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩትና ሸማ የሚሸምኑት ግን ያለ እነርሱ ሥራ ማንም የማይኖር ሲሆን የሙያቸው ስም እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ይህ ነገር ምን ያህል ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ዛሬስ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት እኔ በበኩሌ አልደፍርም።

አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ተረድተው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠርተዋል። ዳሩ ግን መጨረሻቸው መቅደላ ሆነ። ከጎንደር ተነሥተው ወደ መቅደላ ከደረሱት ቤተ ሰቦች አንዱ የሕፃኑ የወርቅነህ ቤተ ሰብ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱና አምባው በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ገና ሦስት ወይም አራት ዓመት የሆነው ልጅ ከወላጆቹ ተለያየ። ቻምበርሌን የተባለ የጦር መኰንን አገኘውና ወደ ሕንድ አገር ይዞት ሄደ።

ቻምበርሌን ልጁን ጥቂት ዓመት ካሳደገው በኋላ ሞተ፤ ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው የባዕድ ስም የመጣው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ርስት የለው፣ ዘመድ የለው፣ የሚጠጋበት የአባት ስም እንኳ የለው፤ የሚተማመንበት ነገር ቢኖር የሚማረው ትምህርት ብቻ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1874 ዓ.ም. ጨረሰ። ከዚያም ስኮትላንድ ድረስ ተሻግረው በኤዲንብራ ዕውቀታቸውን አዳበሩ፤ ቀጥለውም በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እርሳቸው መሆናቸው በሰፊው የታወቀ ነው።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ በርማ ድረስ ደረሰ። ሐኪሙ አማርኛ ፈጽሞ ጠፍቶባቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ልባቸው ወደ አገራቸው ተሳበና ፈቃድ ተቀብለው በዘይላና በሐረር በኩል በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡን ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደው ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ሲሰማ አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳ ለዩአቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ወርቅነህ መሆኑን ያወቁት በዚህ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

የፈቃዳቸው ጊዜ ሲያልቅ ግን ወደ በርማ ተመለሱ። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ አገሩን ያገኘ ሰው እንዴት ተመልሶ ይሄዳል አሉ። እኔ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ይታየኛል። ሐኪም ወርቅነህ በደመወዝ የሚኖሩ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ ሥራ ቢለቁ የጡረታ መብታቸው ሁሉ ይቀራል። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና መጡ፤ አፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ አከሙ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ደግሞም ወደ በርማ ተመልሰው አገልግሎታቸውን ፈጸሙና በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጡረታቸውን ይዘው ጠቅልለው ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳውን ያለፈ ሲሆን ትልቁ ሥራቸው ገና አልተጀመረም ነበር።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩትን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አስተዳዳሪነቱ ለሐኪም ወርቅነህ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ልጅን ለዘመናዊ ትምህርት መስጠት ለብዙ ወላጅ የሚያስፈራ ነገር ነበር፤ ሃይማኖቱን ይለውጥብኛል የሚል ነበረ፤ ምን ይጠቅመዋል የሚልም ነበረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ቢሰጥም ልጆቹ በቋንቋቸው የሚያነቡት መጽሐፍ አለመኖሩን አይተው፣ እኒያ በልጅነታቸው አማርኛ የጠፋባቸው ሰው የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። ቋንቋውን በጎልማሳነት እንደ ገና ተምሮ ለተማሪ መጽሐፍ መጻፍ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ፣ እኛ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ድርሰት ለመጻፍ የምንጨነቀው እናውቀዋለን። ከዚህም ሌላ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ስለ ተቋቋመው ትምህርት ቤት ብዙ ደክመዋል።

በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ከአንድ የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒውዮርክ ተላኩ። ግድቡ በዚያን ዘመን አልተሠራም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ሃርለም በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ የተማሩና የእጅ ሙያ ያላቸው ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው፤ በኋላም ጥቂቶች መጥተዋል። ከዚያ በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ ተቀመጡና መንገድ አሠሩ፤ ቀጥሎም በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የጣሊያን ወረራ የመጣው እዚያ ሳሉ ነው። ያ ሁሉ ልመናና ክርክር ምን ፍሬ እንዳፈራ አንባቢ ያውቀዋል።

ከልጆቻቸው ሁለቱ፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ነበር። አባታቸው ለአገሪቱ ያስፈልጋል ብለው ያመኑበትን ሙያ ይዘው ተመልሰው ነበር ማለት ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ለአገራቸው ተሰለፉ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ እነርሱም ተገደሉ። እነዚያ ወጣቶች በየአገሩ ስንት ዓመት ተምረው ነበር! ከነፃነት በኋላ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ጊዜ የባዕድ አገር መምህርና ሐኪም የፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከስደት ወደ አገራቸው ተመልሰው መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ገደማ ከጎንደር በታች ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ የሚያክም አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተ ሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠሩ መላክ ጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ዘንድሮ ከእኛ ክፍል ወደዚያ ለመግባት የሚያስቡ አሉ፤ ከእነርሱ መካከል አንዷ የደምቢያ ልጅ ናት።