ለአንዲት የአማን ወረቀት ሹመታቸውን ያጡት ቃዲ፦ ኢማም ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ

አንድ መንግሥት የሰጠው ቃል ሲከብደው ሊያፈርሰው ይችላል? የዓለም አቀፍ ሕግ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል። እ.ኤ.አ በ1969 የጸደቀው የቪየና የውሎች ስምምነት ውል የተዋዋሉትን እንደሚያስር በአንቀጽ 26 ቢደነግግም፣ መንግሥታት መውጫ ቀዳዳ መፈለጋቸውን አልተዉም። ይኸው ጥያቄ ከ1,200 ዓመታት በፊት ለአንድ ሙስሊም ቃዲ ቀርቦላቸው ነበር። ጠያቂው ደግሞ ኸሊፋው ራሱ ነበር።

ኢማም ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ (ረሒመሁላህ) በ132 ዓመተ ሂጅራ ኢራቅ ውስጥ በዋሲጥ ተወልደው በኩፋ አደጉ። ከአባታቸው 30,000 ዲርሃም ወረሱ። ግማሹን ለዐረብኛ ቋንቋና ግጥም፣ ግማሹን ለሐዲስና ለፊቅህ ትምህርት እንዳዋሉት ይነገራል። ገና በልጅነታቸው ከኢማም አቡ ሐኒፋ ሐለቃ ገቡ። ኢማሙ በ150 ሂጅራ ሲሞቱ እርሳቸው 18 ዓመት ገደማ ነበሩና ትምህርታቸውን በአቡ ዩሱፍ ዘንድ ቀጠሉ። መዲና ወርደው ሦስት ዓመት ያህል ከኢማም ማሊክ ቀርተዋል፤ ከሙወጣእ ዘገባዎች አንዱ በእርሳቸው በኩል የተላለፈው ነው። ኢማም ሻፊዒይም የእርሳቸው ተማሪ ነበሩ። ስለዚህ በአገራችን ሐነፊም ሻፊዒይም የሚቀራ ደረሳ ከእኚህ ሰው ዒልም ሳይቀምስ አይቀርም።

ስማቸውን ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር ያስተሳሰረው «ሲየር» የሚባለው የፊቅህ ዘርፍ ነው። ዘርፉ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሰላም ውል፣ ስለ መልእክተኞች ደኅንነት፣ ወደ ሌላ አገር ስለሚገቡ ነጋዴዎች ይመረምራል። በዚህ ላይ አስ-ሲየር አስ-ሰጊርና አስ-ሲየር አል-ከቢር የተባሉ ሁለት ኪታቦችን አዘጋጅተዋል። ጎልቶ የሚታየው የአማን ጉዳይ ነው። አንዲት ተራ ሙስሊም ሴት ለጠላት ወገን የሰጠችው አማን ሙስሊሞችን ሁሉ ያስራል። የማይዋጋ ባሪያ የሰጠው አማንስ? አቡ ሐኒፋ አይጸናም ሲሉ፣ ሸይባኒ ከመምህራቸው ተለይተው ይጸናል አሉ። ጠላት የእኛን መያዣዎች ቢገድል እንኳ በእጃችን ያሉት አይገደሉም፤ አንዱ በሌላው ጥፋት አይጠየቅምና።

ሹመት አይወዱም ነበር። የረቃ ቃዲ እንዲሆኑ ያሳጫቸው አቡ ዩሱፍ በመሆናቸው ከመምህራቸው ጋር ተቀያይመው እንደነበር ይዘገባል። የፈሩትም አልቀረ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘር የሆኑት የሕያ ኢብኑ ዐብደላህ በደይለም አምጸው ነበር፤ ኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ በምስክሮች የጸና የአማን ወረቀት ሲሰጧቸው እጃቸውን ሰጡ። ቆይቶ ኸሊፋው ተጸጸቱ፤ ወረቀቱን ለማፍረስም ፈቃሆችን ሰበሰቡ። ሸይባኒ ወረቀቱን መረምረው አማኑ የጸና ነው አሉ። ኸሊፋው ተቆጡ። ሌላው ቃዲ አቡል በኽተሪ ግን አማኑ ባዶ ነው ብለው ወረቀቱን ቀደዱት። የሕያ በእስር ሞቱ፣ ሸይባኒ ከሹመታቸው ተነሱ፤ ፈትዋ መስጠትም ተከለከሉ።

ስለ በኑ ተግሊብ ክርስቲያኖችም ተመሳሳይ ነገር ይተረካል። ልጆቻቸውን በማጥመቃቸው ዑመር (ረ.ዐ) የገቡላቸው ውል ፈርሷል እንዲባል ሃሩን ፈለጉ። ሸይባኒ ግን ዑመርም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ኸሊፋዎች ይህን እያወቁ ውሉን አላፈረሱም ሲሉ መለሱ።

ኋላ ኸሊፋው መልሰው አቀረቧቸው፤ በ189 ሂጅራ (እ.ኤ.አ 805) አብረዋቸው ተጉዘው ሳሉ ረይ ላይ አረፉ። የሰዋስው ሊቁ አል-ኪሳኢም በዚያው ጉዞ ሞቱ።

ብዙ የሕግ መጻሕፍት የዓለም አቀፍ ሕግን ታሪክ የሚጀምሩት መጽሐፉን በ1625 ካሳተመው ከሆላንዳዊው ግሮቲየስ ነው። ለዚህ መልስ እንዲሆን ሸይባኒን «የእስልምናው ግሮቲየስ» የሚሉ አሉ። እኛ ንጽጽሩ ብዙም አይዋጥልንም፤ ስምንት መቶ ዓመት የቀደመውን በተከታዩ ስም መጥራት ነውና። በሌላ በኩል ሲየር ሙስሊሞች በዲናቸው ግዴታ የሚጠብቁት ሕግ እንጂ እኩል መንግሥታት ተስማምተው ያወጡት አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያነሱት ተቺዎች ትክክል ናቸው። ሆኖም ሌላው ወገን ባይምል እንኳ ራሱን በቃሉ የሚያስር ሕግ፣ አስገዳጅ ኃይል አጥቷል በሚባለው የዛሬው ሕግ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲየር አል-ከቢር ለብቻው አልደረሰንም። የምናነበው ኢማም አስ-ሰረኽሲ በኡዝጀንድ እስር ቤት ሆነው ለተማሪዎቻቸው ማስጻፍ ጀምረው፣ ከተፈቱ በኋላ ከጨረሱት ማብራሪያ ጋር ተቀላቅሎ ነው።